በእኔ አፍ ያነሰው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ልደታ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ጢም ብሎ ሞልቷል። ወጣቱ ሁሉ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ የሚያይ የለም። ጉልበቴ ቢያመኝም "ከማን አንሼ ነው የማልቆመው!" ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ድንገት ከአግዳሚው ጫፍ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ብድግ ብለው "ነይ፣ እዚህ አረፍ በይ" አሉኝ። ከእኔ ቢያንስ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጣሉ። "ኧረ በሞቴ ይቀመጡ! እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ?" ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። "መምህሬ ቆማ እኔ ብቀመጥ ወላሂ ይህ ወንበር ይታዘበኛል" አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ በየመንገዱ "ቲቸር" እያለ የሚስመኝ ሞልቷል። በዚህ ዕድሜ "መምህሬ" ብሎ የሚነሳልኝ ሽማግሌ ግን በወጣትነቴ ካስተማርኩበት የቀበሌ አዳራሽ ካልሆነ ከየትም አይመጣም። ቀረብ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ተክለ ሃይማኖት ክርና ቁልፍ ይሸጡ የነበሩት ጋሽ ሽኩር ናቸው።

የዛሬ ልጅ ልደታ ሲባል የሚታየው ኮንዶሚኒየሙና ፍርድ ቤቱ ነው። የእኛ ልደታ በጭቃ ቤትና በቆርቆሮ ክዳን የተያያዘ፣ የአንዱ ቤት ሬዲዮ ለአምስት ቤት የሚዘፍንበት ሰፈር ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወደ ታች ስትወርዱ ጥጉ ላይ ዳቦ ቤት ነበር፤ በአሥር ሳንቲም የምትገዛው ዳቦ ትኩስ ከሆነች ቤት ሳትደርስ ታልቃለች። ሰው ፊት ለፊት እየተያየ የሚሳፈርበትን ታክሲ "ውይይት" እንለው ነበር፤ በስሙኒ ተሳፍራችሁ የማታውቁትን ሰው የቤት ጉዳይ ሰምታችሁ ትወርዳላችሁ። ወንዱ ካኪ ይለብሳል፤ ካኪ ያላማረው ደግሞ መሬት የሚጠርገውን ሰፊ ሱሪ ታጥቆ፣ አፍሮውን አበጥሮ ሰንጋ ተራ ጥግ ላይ ይቆማል። ድሃው ኮንጎ ጫማ ነው፤ እኔም ያው ነኝ። አንዲት ሰማያዊ ቴትሮን ቀሚስ ነበረችኝ። እናቴ ጠርዟን ሦስት ጊዜ ፈትታ አስረዝማልኛለች። "እማዬ፣ ቀሚሴ አነሰችኝ" ባልኳት ቁጥር "ቀሚሷ አላነሰችም፤ አንቺ ነሽ ያደግሽው" ትለኝ ነበር። እናቴ አንድ ነገር አንሷል ብላ በቀላሉ የምታምን ሰው አልነበረችም።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ የበርበሬና የቅመም ነጋዴ ነበረች። አባቴ በልጅነታችን ስለሞተ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ግርማን በዚያች በርበሬ አሳድጋ፣ እኔን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አድርሳኛለች። ፊደል አትቆጥርም። ሰው የሚያስደልዛትን በርበሬ ግን አንድ ቀን አደባልቃ አታውቅም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከጋሽ ሽኩር ሱቅ የተለየ ቀለም ክር ገዝታ የከረጢቱን አፍ በየራሱ ቋጠሮ ታስረዋለች። አረንጓዴ ክር በሁለት ቋጠሮ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ቢጫ በሦስት የነርሷ ነው። አርባ ከረጢት ደርድራችሁ ዓይኗን ብትሸፍኗት በጣቷ ዳስሳ የባለቤቱን ስም ትነግራችኋለች። ገበያ ስትወጣ ነጠላዋ እንደ ወረቀት የነጣ ነው፤ በርበሬ እየነካች አንዲት ነጥብ አይወድቅባትም። አንዱ ባለ መኪና "እትዬ በርበሬ" ብሎ ቢጠራት "ስም አለኝ! ከማን አንሼ ነው በሸቀጤ የምጠራው?" ብላ ሳትሸጥለት አባርራዋለች። እኔ ኩራትን ከመጽሐፍ አልተማርኩም፤ ከእሷ ነው የወሰድኩት።

በዚያ ዘመን ግርማ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ደብዳቤው በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይመጣል። ስስ ወረቀት ላይ ግራና ቀኙ እስኪሞላ የተጻፈ፣ እጥፋቱ ላይ የተበላ ደብዳቤ ነው። እናቴ ሥራዋን አቁማ፣ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጥና "በይ፣ ወንድምሽ ምን ይላል?" ትላለች። እኔ አነብላታለሁ። አንድ ቀን የመጣው ደብዳቤ መሐል ላይ ግርማ ግራ እጁን ጥይት እንደመታው፣ ሁለት ጣቱ እንደማይታጠፍ ጽፎ፣ "ለእማዬ እንዳትነግሪያት" ብሎ አክሎበታል። ዓይኔ መስመሩን ሲያይ ምላሴ ዘለለው። "ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ አስቸግሮናል፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰላም በሉልኝ" አልኩና አጠፍኩት። እናቴ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ግራና ቀኙን አገላብጣ አየችው።

"ይህን ሁሉ ጽፎ አንቺ ዘንድ ሲደርስ እንዴት አነሰ?"

"ሰላምታ እኮ ነው እማዬ። የሰውን ስም መዘርዘር ቦታ ይወስዳል።"

"እንግዲያው ስሞቹን አንድ በአንድ ጥሪልኝ" አለች። ከራሴ አውጥቼ የጎረቤቱን ስም ሁሉ ጠራሁላት። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፋ፣ ከቀድሞዎቹ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትታ በቀይ ክር አሰረችው። ቀይ ክር በአንድ ቋጠሮ ግርማ ነው። ከዚያም በኋላ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የሕክምናውን ነገር እየዘለልኩ አነበብኩላት። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ማወቅ ካለብኝ በላይ የማውቅ ይመስለኛል።

ብዙም ሳይቆይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰፈራችን ገባ። ያልተማረ ሁሉ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቀበሌው አዳራሽ ይምጣ ተባለ፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረስን ደግሞ አስተማሪ ሆነን ተመደብን። ለእኔ የደረሰኝ የሰፈራችን ሰው ነው፤ እናቴም ስሟ መዝገቡ ላይ አለ። ስነግራት በርበሬ እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል "አልሄድም" አለች። ፊደሉን ጠልታ አልነበረም። የጠላችው የአዳራሹን ሥርዓት ነው፤ ተቆጣጣሪው አስተማሪ ሲገባ ተማሪ ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል ብሎ አውጇል። በእኛ ቤት ደግሞ የሚነሳ ታናሽ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ያልተነሳ ልጅ ራት ባያጣ ቁጣ አያጣም።

"እማዬ፣ ለአንድ አፍታ ብድግ ብሎ መቀመጥ እኮ ነው።"

"እናት ለልጇ የምትነሳው የልጇ ሬሳ ሲወጣ ነው" አለችኝ። ወዲያው ያለችው ነገር ራሷን አስደነገጣት። "ቱ፣ ቱ! አፌን ይቁረጠው! ግርማዬን አይደለም" ብላ ሦስት ጊዜ ተፋች። ከዚያ በኋላ ነገሩን ደግሜ ላነሳ አልደፈርኩም።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ ብዬ አልዋሽም፤ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ነው መላው የመጣልኝ። ተማሪ የሚነሳው አስተማሪ ኋላ ሲገባ አይደለም? እንግዲያው አስተማሪዋ ቀድማ ትግባ! ከዚያን ዕለት ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹን ጠርጌ፣ ሰሌዳውን አጥቤ፣ በሩ ላይ ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ። እያንዳንዱ ሲመጣ እጅ ነስቼ "እንደምን ዋሉ? ይግቡ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ" እያልኩ አስቀምጣለሁ። የመጨረሻው ሰው ሲቀመጥ ትምህርቱ ይጀመራል። ለማንም የሚነሳ ሰው የለም፤ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወሬው በጎረቤት በኩል እናቴ ዘንድ ደረሰ። በአራተኛው ቀን የዓመት በዓል ነጠላዋን ለብሳ፣ ክርስትና እንደተጠራ ሰው ቀስ ብላ እየተራመደች መጣች። እኔም እጅ ነሳሁና "እንደምን ዋሉ እትዬ አስካለ? ይግቡ" አልኳት። ቤት ውስጥ "አንቺ" ነው የምላት። ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማታ ራት እየበላን "ዛሬስ እርስዎ ሆኜ ዋልኩ" ብላ ሳቀች፤ ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

ተቆጣጣሪው ካኪውን ተኩሶ፣ ማስታወሻ ደብተሩን በብብቱ ይዞ በየሳምንቱ ይመጣል። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሽማግሌ ስቀበል አገኘኝና "ጓዲት፣ እዚህ አዳራሽ አስተማሪዋ ናት ለተማሪ የምትቆመው? ተማሪ ለአስተማሪ ይነሳል ተብሎ የለም?" አለኝ። በዚያን ጊዜ ከካኪ ጋር መከራከር የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ጋሽ ሽኩር ከኋላ ወንበር "ጓድ፣ እኛማ ልንነሳላት በጣም እንፈልጋለን" አሉ። "ግን መቼ እንነሳላት? ሁልጊዜ ቀድማን ቆማ ነው የምናገኛት!" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተቆጣጣሪው ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጫረና ሄደ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ ግን ከቦታዬ አልተነሳሁም፣ ማለቴ ከበሩ አልራቅሁም።

ወራት አለፉ። ፊደሉን ጨርሰን ቃል መመስረት ጀመርን። እኔ ቃል ሰሌዳው ላይ እጽፍና "ይህን ቃል በዕለት ኑሯችሁ እንዴት ነው የምትሉት?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ መጽሐፉ እንደሱ አይልም፣ የራሴ ዘዴ ነው። አንድ ቀን "አነሰ" ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያ ቀን የተሟሟቀ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም። ዳቦ ጋጋሪዋ "ሊጡ ጨው አነሰው" አለች። ጎኗ የተቀመጠችው "ሐኪሙ ደም ማነስ አለብሽ አለኝ። የእኔ ደም ከማን ደም ነው የሚያንሰው?" ብላ ሁሉን አሳቀች። አንዷ፣ አትውጣ ያለችው ልጇ ከዛፍ ወድቆ ሲያለቅስ "ሲያንስህ ነው!" እንዳለችው ነገረችን። ጥበቃ የሚሠሩት ሽማግሌ ምርር ብለው "ለሰው ሞት አነሰው" አሉ፤ እሳቸው ለምን እንዳሉት ሁላችንም ስላወቅን ማብራሪያ አልጠየቅኋቸውም። ጋሽ ሽኩር ቆጥበው አይናገሩም፣ "ይነስም ይብዛም ከሱቄ የወጣ ክር ሜትሩ ሙሉ ነው" ብለው ማስታወቂያ ሠሩበት። በመጨረሻ እናቴ እጇን አወጣች።

"ደብዳቤ በሰው አፍ ያንሳል" አለች።

ጠመኔው በእጄ ላይ ላብ ጠጣ። "ጥሩ ነው እትዬ አስካለ፣ ይቀመጡ" አልኩ፤ ለካ ቀድሞም ተቀምጣ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰንጋ ተራ ጓደኛዬ ዘንድ ቆይቼ ስመለስ እናቴ ደጃፍ ላይ ዱካዋን አውጥታ ተቀምጣለች። የብስኩት ቆርቆሮው ተከፍቶ ቀዩ ክር ጭኗ ላይ ወድቋል። ደብዳቤው በእጇ ነው፤ ሌባ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እየጎተተች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ቀና ብላ አላየችኝም። "ግ… ራ። እ… ጄ… ን" ትላለች። ቆሜ ቀረሁ። ላስቆማት አልቻልኩም፤ አንዲት ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጇን ቃል በዓይኗ ስታነብ ማን ደፍሮ ያስቆማታል? በየፊደሉ እየተደናቀፈች ወደ መስመሩ መጨረሻ ደረሰች። "ለ… እ… ማ… ዬ። እ… ን… ዳ… ት… ነ… ግ… ሪ… ያ… ት።" አንዴ ደገመችው። ሁለተኛው ላይ አልተደናቀፈችም።

"ይህ መስመር የት ነበር፣ የሺ?" አለችኝ።

"እሱ ነው አትንገሪያት ያለኝ እማዬ። እንዳትጨነቂ ብዬ…"

"ዘጠኝ ወር የተሸከምኩትን ልጅ ቁስሉን መሸከም ያቅተኛል?" አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "አዳራሽ በር ላይ ቆመሽ ስትቀበይኝ ሰው ፊት ትልቅ አደረግሽኝ። ቤት ስንገባ ግን አሳነስሽኝ። እኔ ስሰጋ የኖርኩት ለአንቺ ከመነሳት ነበር፤ ለካ ያነስኩት ሌላ ቦታ ነው።"

አለቀስኩ። እንባዬን አይታ አልራራችልኝም፤ ደብዳቤዎቹን በሙሉ አውጥታ "በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ። የዘለልሽውን ሁሉ አንብቢልኝ፤ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ አያለሁ" አለችኝ። አነበብኩላት። አንዱን መስመር ባልፍ ጣቷ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። አንብበን ስንጨርስ ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ ዘንብላ ነበር። ግርማ ሁለት ጣቱን ጎድቶ ነፍሱን ይዞ መጣልን፤ ዛሬም ግራ እጁ ጽዋ ይይዛል፣ ሳንቲም ግን ከጣቶቹ መሐል ያመልጠዋል። እሷም እስክትሞት ድረስ ደብዳቤ በሌላ ሰው አላስነበበችም። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዶ፣ የቀበሌውን ማስታወቂያ ለመንገደኛ ጮክ ብላ ስታነብ ያያት ሰው ራሷ የጻፈችው ይመስለው ነበር።

ደብዳቤዎቹን ካነበብንበት እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ግን በሩ ላይ አልቆምኩም። እግሬ አልሄድልሽ አለኝ። ምን ፊት ይዤ ነው "እንደምን ዋሉ" የምላት? ዳቦ ቤቱ ጥግ ቆሜ አንዲት ዳቦ በትንሽ በትንሹ እየቆረስኩ ሰዓቱን አሳለፍኩ። አዳራሹ ስደርስ ሁሉም ገብተው ተቀምጠዋል። ሰማያዊ ቀሚሴን ወደ ታች እየጎተትኩ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ያኔ ወንበሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንቋቋ። ቀና ስል አዳራሹ በሙሉ ቆሟል። ጥበቃው ሽማግሌ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ጋሽ ሽኩር። ከፊት ደግሞ የዓመት በዓል ነጠላዋን የለበሰች እናቴ ቀጥ ብላ ቆማለች። "ኧረ ይቀመጡ!" አልኩ። "በይ ጀምሪ፣ አርፍደሽብናል" አለችኝና ቀድማ ተቀመጠች። ተቆጣጣሪው ያዘዘ መሰለኝ። አንዳንዴ ደግሞ እናቴ ልታሳፍረኝ ያደረገችው ይመስለኝ ነበር። አልጠየቅኋትም፤ እሷም ሳትነግረኝ ሞተች።

ይህን ሁሉ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ቆመን ከጋሽ ሽኩር ጋር ስናነሳ ስንጥል አግዳሚው ላይ ያለው ባዶ ቦታ ሁለታችንንም እየጠበቀ ነበር። "ያን ሰኞ እኮ ተቆጣጣሪው ነው ያስነሳችሁ" አልኳቸው እየሳቅሁ። ጋሽ ሽኩር ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

"የምን ተቆጣጣሪ! ያን ቀን መች መጣ? እናትሽ ነፍሷን ይማርና፣ አንቺ ከመግባትሽ በፊት ወደ እኛ ዞራ 'ልጄ ስትገባ ተነሱላት' አለችን። እኔም አፌ አያርፍ፣ 'አስካለ፣ ሱቄ መጥተሽ እናት ለልጇ አትነሳም ያልሽው አንቺ አይደለሽም ወይ?' አልኳት።"

"እሷስ ምን አለችዎት?"

"'እሱ ልጄ ደረቷን ነፍታ ስትመጣ ነው። ዛሬ አንሳ ነው የምትገባው፤ ያነሰን ሰው ተቀምጠው አይቀበሉትም' አለችን።"

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቁጥሬን ጠርታ ቅጹን መሙላት ጀመረች። የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ። "የእናት ስም?" አለችኝ። "ወይዘሮ አስካለ" አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌው ኖሯል፤ አግዳሚው ላይ ያለው ወጣት ሁሉ ከስልኩ ቀና አለ።